ምስሉ የተነበበበት ቦታ

ከእናንተ የምደብቀው የለኝም እላለሁ እንጂ አንዲት ጉድ በሆዴ ይዤ ከርሜያለሁ። ሳል አላስተኛ ብሎኝ የደረት ራጅ ተነሳሁ። አንድ ራጅ፣ ያውም ትንፋሼን ይዤ፣ በአንዴ። ከሰነባበተ በኋላ ግን ሁለት ሂሳብ መጣብኝ፤ አንዱ «ለማንሳት»፣ ሌላው «ለማንበብ»። ዐይኔን በጨው አጥቤ ከክሊኒኩ የሂሳብ መስኮት ፊት ቆምኩና፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማኝ፣ «ይሄ አነበበ የተባለው ዶክተር ማን ነው? እኔ አላየሁት፣ እሱ አላየኝ! መንፈስ ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ።

ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ። «መንፈስ አይደለም፣ የኔ እመቤት» አለችኝ። «ወንድሜ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ራጁን የሚያነሳው እዚሁ ያለው ባለሙያ ነው። ምስሉ ግን በኢንተርኔት ሄዶ ሌላ ከተማ የተቀመጠ የራጅ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፤ እሱ አይቶ ምን እንዳለበት ጽፎ ይፈርማል። ማንሳት አንድ ሥራ ነው፣ ማንበብ ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለት ሰው ደክሞበታል። ከሀፍረቴ የተነሳ ሳልከፍል ሮጥኩ። ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ሻይ ይዤላት ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። ሰው አንዳንዴ የቅርብ ዘመዱን ትቶ ለሻይ አምጪው ይተነፍሳል።

ሪፖርቱ በቀለም ካልተፈረመ ኢንሹራንሱ አይቀበልምና ወንድሟ የፈረመባቸውን ወረቀቶች በአውቶቡስ ዕቃ ይልክላታል። በወረቀቶቹ መሃል እህትና ወንድም ይጻጻፋሉ። የሂሳብ ሰው ናትና እሷም የላከችውን ኮፒ ሳታስቀር አትልክም። ባለፈው ሳምንት መንገድ ልትሄድ ስትል ጥቅሉን ሰጠችኝ። «ወሬ እንደምትወጂ አውቃለሁ» አለች። «በልክ አውሪው።»

ልኩ ይኸው። ስማቸውን አስቀርቻለሁ፤ ስለ ጫማ ዋጋና ስለ ጥርስ ሕመም የተጻፉትንም ትቻቸዋለሁ።

*

ጥር 6

አንተ መነጽር፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኔ ወገቤና የመስኮቱ ወንበር ከመጣላታቸው በቀር ደህና ነኝ። ተቆጥተሽኛል ወይ ላልከው፣ አልተቆጣሁም። ስልክ የማያነሳ ወንድም ላይ ለመቆጣት ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ቤቴ ስደርስ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ ጉልበት የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሹራንሱ ያለፈውን ወር የክፍያ ጥያቄያችንን በሙሉ መልሶታል። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ «ምስሉ የተነሳበት ቦታ» እና «ምስሉ የተነበበበት ቦታ»። እስከ ዛሬ ሁለቱም ላይ ክሊኒኩን እጽፍ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አሁን አንድ አዲስ ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ «ሐኪሙ ሲያነብ የተቀመጠው የት ነው? ወንበሩ ያለበት ቤት ይጻፍ» አለ። የማንበቡ ክፍያ የሚታሰበው አንባቢው በተቀመጠበት ቦታ ነው አሉ። የድሮ አድራሻህን ጻፍኩ። አጣሩና አከራይህ «እሱ? ከለቀቀ ቆየ እኮ» አለቻቸው። ቆየ? ለኔ መቼ ነገርከኝ?

አቶ ቶሎ በሉ (ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ስሙን እኛው ነን ያወጣንለት) እስከ የካቲት መጨረሻ ሣጥኑ ካልተሞላ ንባቡን ትልቁ ከተማ ላለው ድርጅት እሰጣለሁ ብሏል። ሆስፒታልህ የራጅ ክፍሉን ከዘጋ ወዲህ ሌላ እንጀራ እንደሌለህ እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

እና የት ነው የምትቀመጠው? አንድ መስመር ይበቃኛል።

እህትህ

*

ጥር 14

እታለም፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ሁለተኛም ይቅርታ። ሦስተኛውን ለሌላ ቀን አስቀምጬዋለሁ፤ እንደሚያስፈልገኝ አውቃለሁና።

መልቀቄን ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር። (ሳቂ፤ አሁን ብሶብሻል።) ማን ያበስልልሃል ላልሽው፣ እኔው አበስላለሁ፤ እስካሁን የሞተ የለም። ክፍሉም ጥሩ ነው። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አስገብቻለሁ። ለማንበብ ጨለም ማለት አለበት፤ መጋረጃው ወፍራም ስለሆነ ምንም አይል። መስኮቱ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። የማንኪያ እጀታ ካልሰካሁበት ነፋስ በመጣ ቁጥር ይከፈትና ብርሃኑ ስክሪኔ ላይ ይፈስሳል።

ሣጥኑ ላይ «ስክሪን ፊት» ብለሽ ብትጽፊላቸውስ? ውሸት አይደለም።

ስልክ አትደውይ፣ እባክሽ። እዚህ ቤት ኔትወርክ የለም። ሪፖርቶቹ አብረው አሉ፣ ሁሉም በቀለም ተፈርመዋል። ያ ጉልበቱን የተነሳው ሰውዬ ምንም የለውም፤ ነግራችሁት እፎይ ይበል።

መነጽር

*

ጥር 23

ወንድሜ፣

ሰላምታውን ዛሬ ዝለልልኝ።

ደብዳቤህን መጀመሪያ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አነበብኩት፤ አድራሻ የለውም። ምሳ ላይ እንደ እህት አነበብኩት፤ አድራሻው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በማንኪያ እጀታ የሚዘጋ መስኮት በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ያንን ማንኪያ መጀመሪያ የሰካችው እናታችን ናት፤ አናጢ ጥራ ብላው ብላው ሲታክታት። አንተ አባትህ ቤት ነህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ለምን ቤተሰብሽ ጋ አትሄጂም ሲሉኝ «ሩቅ ነው» እላለሁ። ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አባትህ እናታችንን ወስዶ ራጅ አስነሳት። ሲመለሱ በር ላይ ተቀብዬ «ውጤቱ ምን አለ?» አልኩት። «ደህና ናት» አለኝ። አመንኩት፤ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከቀብሯ በኋላ ልብሷን ላወርድ ቁም ሣጥኑ ላይ እጄን ስሰድ ፖስታው እንደታሸገ አገኘሁት። የትኛውም ሐኪም አላየውም። ማንም ያላየውን ምስል ታቅፎ ነው «ደህና ናት» ያለኝ። አንተ ያን ጊዜ ትምህርት ላይ ነበርክ። ከሁሉ የሕክምና ዓይነት ምስል ማንበብን ለምን እንደመረጥክ ተነጋግረን አናውቅም፤ ሳንነጋገር የተግባባን መስሎኝ ነበር።

ሣጥኑ ላይ የፈለግከውን አድራሻ ስጠኝ፣ እጽፋለሁ። የዚያን ቤት ግን በእጄ አልጽፍም። ወይ ከዚያ ውጣ፣ ወይ ሥራው ይቅር።

እህትህ

*

የካቲት 2

እታለም፣

አዎ፣ እዚያ ነኝ። ሦስተኛው ይቅርታ ይኸው።

በመሃል በቁራጭ ወረቀት ለላክሽው አንድ ቃል፣ «ለምን?» ላልሽው፣ መልሱ ይኸው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው። ስልክ የማላነሳው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ሳሉ እንዳይሰማሽ ነው። የአባባ ሳንባ አልቋል። ጋደም ማለት ካቆመ ቆይቷል፤ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነው የሚያድረው።

ቀን ቀን ወንበሩን ከኋላዬ አስጠግቶ ሳነብ ያየኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ «ይሄ የማን ነው?» ይል ነበር፤ የሰው ገመና ነው ብዬ ከለከልኩት። አሁን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጨርሼ ስፈርም «ይሄኛው ተነበበ?» ይላል። «ተነበበ» ስለው «እሰይ» ይላል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነን።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ላመጣለት ወጣ ብዬ ስመለስ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚያርፈው ሰውዬ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሟል። ፖስታውን ከቁም ሣጥኑ አውርዶ ደረቱ ላይ ይዞታል። «ውረድ አባባ፣ ትወድቃለህ!» ብለው አልሰማኝም። «ይሄኛውስ?» አለኝ።

ቀብሯ ካለፈ ወዲህ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት። «ያን ጊዜ ለምን አላስነበብከውም?»

«ተነስታለች እኮ» አለኝ፤ እኔ ያልገባኝ ይመስል። «ሰውየው ትንፋሽሽን ያዢ አላት፣ ያዘች። አለቀ፣ ተነሺ አላት። ፖስታውን ሰጠኝ። አንዳች ነገር ቢኖር ይጠሩን የለም? አልጠሩንም። ደህና ናት ማለት ነው አልኩ።»

እታለም፣ ያ ሆስፒታል የራጅ ሐኪም አልነበረውም። ፖስታው ሌላ ቦታ ተወስዶ የሚነበብ ነበር። እሱ ለማስታወሻ የሰጡት መስሎት ነው፤ እንደ ሰርግ ፎቶ።

አሁን ከመሄዱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በጊዜው ቢነበብ ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ። እኔ የሥጋ ዘመዴን ምስል ማንበብ ደንቡ አይፈቅድልኝም፤ ደንቡን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ደንቡ ቢፈቅድልኝም ዐይኔ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ፖስታውን ከሪፖርቶቹ ጋር ልኬልሻለሁ። እናንተ ጋ ሐሙስ ሐሙስ ለምትመጣው ለትልቋ የራጅ ሐኪም ስጫት። ወይም አትስጫት። አንቺ ታውቂያለሽ።

መነጽር

*

የካቲት 10

መነጽር፣

ደርሶኛል። በጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ እግሬን በዘረጋሁ ቁጥር ይነካኛል። ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ፤ ለትልቋ አልሰጠኋትም። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ። ምስሉን ሳይሆን የዚህን ሁሉ ዘመን ቂሜን የምታነብብኝ መሰለኝ።

አቶ ቶሎ በሉ ዛሬም መጣ። «ሣጥኑስ?» አለ። «እየተነጋገርንበት ነው» አልኩት። «ሣጥን ለመሙላት ምን ንግግር ያስፈልጋል? ሽምግልና ልላክልሽ?» አለኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ሥራ እንዴት ነው ላልከው፣ ያው ነው። ዛሬ አንዲት የተማረች፣ ሻርፕ ያጣፋች ሴት መጥታ አንተን «መንፈስ ነው እንዴ» ብላ ጮኸችብኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። (ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዛ ተመለሰች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ወሬኛ ናት እንጂ።) እሷ ከሄደች በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። የመጡት የመድኃኒት ሂሳብ ሊከፍሉ ነው። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል፤ ከፌስታሉ ውስጥ የራጅ ፖስታ ጫፉ ይታያል። የሚስታቸው ነው። ለማንሳቱ ከፍለው፣ ቤት ወስደው፣ ከርመው፣ ገበያ ሲወጡ ፌስታሉን ለዕቃ ብለው ያነሱት ነው።

«ተነቧል ወይ፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ተነስታለች እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ልክ እንደዚያ። ድምፃቸው ሳይቀር፤ እኔ ያልገባኝ ይመስል።

አስረዳኋቸው። ማንሳት አንድ፣ ማንበብ ሌላ። ፌስታሉን ተቀብዬ ወደ ውስጥ ላክሁት፣ እሳቸውንም አስቀመጥኳቸው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ይዤ ራሴን ጠየቅኩ። ይህን ነገር በየቀኑ ለስንቱ ነው የማስረዳው? ለተማረው፣ ላልተማረው፣ ለወጣቱ፣ ለሽማግሌው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ አይደለም ወይ? ማንም ሰው ሳይነገረው ገብቶት አያውቅም።

ያን ዕለት፣ በዚያ ሆስፒታል መስኮት ላይ፣ ማን ነበረች?

የዛሬው ይብቃኝ። ወገቤ።

እህትህ

*

የካቲት 16

እታለም፣

ነይ አልልሽም። አትምጪም አልልሽም።

አሁንም ይጠይቃል ወይ ላልሽው፣ በየጠዋቱ። «ደረሰ?» «ደርሷል።» «ተነበበ?» «ገና ነው።» ያኔ «እሰይ» አይልም። ሻዩን ያማስላል፤ ስኳር የሌለበትን ሻይ።

«ስለኔ ምን ይላል?» ላልሽው፣ ምንም አይልም። ትናንት ብቻ ሪፖርት ስፈርም፣ «ይሄ ወረቀት እሷ እጅ ነው የሚገባው?» አለኝ። «እሷ እጅ ነው» አልኩት። ከእጄ ወሰደና ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ጥጉን በመዳፉ ዳበሰው፣ የታጠፈውን ጫፍ እስኪያቃና። ከጥቅሉ ከላይ ያለው ነው፤ እይው።

ጤናው እንዴት ነው ላልሽው ዛሬ አልመልስልሽም።

ስለ ሣጥኑ ግን አትጨነቂ። የዚያን ቤት አድራሻ መጻፍ እሾህ ከሆነብሽ ድርጅቱ ይውሰደው። እኔም ደክሞኛል። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው የጎድን አጥንት ሳይ ውዬ፣ ዞር ስል የማውቀውን ሰው የጎድን አጥንት በሸሚዙ ላይ አየዋለሁ።

መነጽር

*

የካቲት 22

መነጽር፣

በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ የሂሳብ ሰው አመል ነው፣ ቻለኝ።

ሐሙስ ትልቋ ሐኪም ስትመጣ ፖስታውን ከእግሬ ሥር አወጣሁ። ከወንበሬ ተነስቼ፣ በሩን ዞሬ፣ ከመስኮቱ ፊት ሰልፍ ያዝኩ። በቦታዬ የተቀመጠችው ልጅ በመስታወቱ አጮልቃ «እትዬ፣ ምን ረስተሽ ነው?» አለችኝ። «ተራዬ ሲደርስ እነግርሻለሁ» አልኳት። ከዚያ ጎን ቆሜ አላውቅም ነበር። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ ሰው ለምን እንደሚጮህብኝ ያኔ ገባኝ፤ ካልጮኸ አይሰማም።

ተራዬ ሲደርስ እናታችንን አስመዘገብኩ። ስም። ዕድሜ፤ ያን ጊዜ የነበራት ዕድሜ፣ አሁን እኔ እበልጣታለሁ። ምስሉ የተነሳበት ቦታ፣ ያ ሆስፒታል። ምስሉ የሚነበብበት ቦታ፣ እዚህ። «የታካሚዋ አድራሻ?» አለችኝ ልጅቱ። ነገርኳት። የቤት ቁጥሩ እንኳ አልጠፋኝም። እሷ ጻፈችው፣ እኔ ቆሜ አየሁት፣ ምንም አልሆንኩም።

ትልቋ ሰምታ «ምነው ልጄ፣ እኔ ዝም ብዬ አነብልሽ የለም? ክፍያ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። «እናቴ እንደ ሰው ይነበብላት» አልኳት። እንደ ሰው ከፈልኩ፣ እንደ ሰው ደረሰኝ ያዝኩ።

ትልቋ እያነበበች ሳለ ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ያንተን ቅጾች አወጣሁ። ሣጥኑን በየአንዳንዱ ላይ በዚያ ቤት አድራሻ ሞላሁት። በእጄ። አቶ ቶሎ በሉ ከጀርባዬ ቆሞ አየና «ይኸው! ምን ከባድ ነገር ነበረው?» አለ። «ምንም» አልኩት። ሥራው ያንተው ነው።

በምሳ ሰዓት ወጣ ብዬ አንድ ጉዳይ ፈጸምኩ። ስመለስ ትልቋ ውጤቱን ሰጠችኝ፤ በፖስታ፣ በቀለም የተፈረመ። ከሥራ ስወጣ መንገድ ዳር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። እኔ ፖስታ አሽጌ ቁም ሣጥን ላይ የማኖር ሰው አይደለሁም። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሰው በፊቴ ያልፋል፣ አውቶቡስ ይቆማል፣ ይሄዳል።

ምን እንደሚል በደብዳቤ አልጽፍልህም፣ በስልክም አልነግርህም። ለሱ የሚነገር ነገር ነው፤ ፊት ለፊት፣ በኔ አፍ።

ይህ ወረቀት በነገው አውቶቡስ ይሄዳል፤ እኔ በማግስቱ። ማንኪያውን እንዳትነቅለው፣ እንዳለ ልየው። ደብዳቤው ቀድሞኝ ሲደርስህ አንድ ነገር ብቻ አስቀድመህ ንገርልኝ። በምሳ ሰዓት የፈጸምኩት ጉዳይ ትኬት መቁረጥ ነው። የቆረጥኩት ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት ነው።

ይህንን ለአባባ ንገረው።

እህትህ

*

የሰጠችኝ ይኸው ነው። የሻርፗ ሴትዮ ማን እንደሆነች የነቃ ይኖራል፤ ወሬኛ መባሌን ደግሞ ቆርጬ ላወጣው አስቤ ነበር፣ ደብዳቤውን የሚያጎድለው መስሎኝ ተውኩት።

መስታወቱ ላይ አሁን «ለጥያቄ ወደ ቀጣዩ መስኮት ይሂዱ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጅቱን ስለ እትዬዋ ብጠይቃት «አልደወለችም» ከማለት በቀር ትንፍሽ አትልም፤ በደንብ ነው ያሠለጠነቻት። ሁለተኛዋ ሂሳቤ፣ የማንበቢያዋ፣ እስካሁን በቦርሳዬ ውስጥ ናት። ቀጣዩ መስኮት ላይ መክፈል እችል ነበር። ግን የጮኽኩት እዚህ ነው፣ የምከፍለውም እዚሁ ነው። ያ ወረቀት ከመስታወቱ የተነሳ ዕለት ሻዬን ይዤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ እቆማለሁ፤ የምትነግረኝንም፣ እሷ ልክ ነው ያለችውን ያህል፣ ይዤላችሁ እመጣለሁ። ምንም ሳትነግረኝ ሻዩን ብቻ ተቀብላ ከጠጣችም፣ እንዴት አድርጋ እንደጠጣችው እነግራችኋለሁ።